ቀለህ የማይጣልበት አገር

እኛ የከተማ ልጆች ስለ ጠመንጃ የምናውቀው በአብዛኛው ከሦስት ቦታ ነው፤ ከፊልም፣ ከሠርግ ቤት ፉከራና ከቴዎድሮስ አደባባይ። ፊልሙ ላይ ጀግናው ይተኩሳል፣ ቀለሁ መሬት ላይ ሲንከባለል ካሜራው ዝቅ ብሎ ያሳየናል፣ ከዚያ በኋላ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ቀለህ ለፊልም ሠሪው ቆሻሻ ነው። የጋይንት፣ የስማዳ ወይም የእስቴ የዛሬ መቶ ዓመት ገበሬ ይህን ፊልም ቢያይ ግን ከጀግናው ጋር የሚጣላው እዚህ ላይ ነበር። ቀለሁን ሳያነሳ የሚሄድ ምን ዓይነት አባካኝ ነው?

ዛሬ የምናወጋችሁ ስለዚያ ቀለህ ነው። በትክክል ለመናገር፣ የተተኮሰ ቀለህን መልሶ ስለ መሙላት። በአሜሪካ ይህ ትልቅ የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው። ሰውዬው ጋራዡ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ አንድ ፕሬስ ያስራል፣ ከጎኑ የዳይ ሳጥኖች ይደረድራል፣ ከዚያ ከጓደኞቹ ጋር «የማን ዳይ ይሻላል?» እያለ ይከራከራል። ክርክሩ የቡናና የጊዮርጊስን ያህል ማለቂያ የለውም። እኛም «እስቲ ምንድነው እንዲህ የሚያጣላቸው?» ብለን ነገሩን መከታተል ስንጀምር፣ ሳናስበው ጨጨሆ ላይ ከዐፄ ቴዎድሮስ ጋር ተገናኘን። እንዴት እንደደረስን እንንገራችሁ።

በመጀመሪያ ዳይ ምን እንደሚሠራ። አንድ ጥይት አራት ነገር ነው፦ የናስ ቀለህ፣ ከቀለሁ ቂጥ ላይ ያለች እሳት ጫሪ ካፕሱል፣ ባሩድና ከፊት የተሰካው እርሳስ። ሲተኮስ ካፕሱሏ ትቃጠላለች፣ ባሩዱ ያልቃል፣ እርሳሱ ይሄዳል። ቀለሁ ብቻ ይቀራል። ከአራቱ ደግሞ ለመሥራት አስቸጋሪውም ውዱም እሱ ነው፣ ስለዚህ መልሶ መጠቀም የሚፈልግ ሰው አይፈረድበትም። ችግሩ በተኩሱ ግፊት ቀለሁ መነፋቱ ነው፤ ተነፍቶ የዚያን ጠመንጃ ጉሮሮ ቅርጽ ይይዛል። ዳይ ማለት ውስጡ በትክክለኛው የጥይት ልክ የተቦረቦረ ጠንካራ ብረት ነው። የተነፋውን ቀለህ በፕሬስ ገፍተው ሲያስገቡት ተጨምቆ ወደ ቀድሞ ልኩ ይመለሳል፤ መሃል ያለው ዘንግ ደግሞ የተቃጠለችውን ካፕሱል ገፍቶ ያወጣታል። ሌላ ዳይ አዲሱን እርሳስ ቀጥ አድርጎ ይሰካል። ቶርኖ ቤት ወይም የፕላስቲክ ፋብሪካ የሠራችሁ ነገሩ ወዲያው ይገባችኋል፣ ዳይ እዚያም ዳይ ነው።

ወደ ብራንዶቹ። የቤቱ ሽማግሌ ላይማን ነው፣ ከ1878 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አለ። በ1925 (እ.ኤ.አ.) የጠቀለለው አይዲያል የተባለ ድርጅት ደግሞ ከ1880ዎቹ አንስቶ እንደ ጉጠት ያለ በእጅ የሚጨመቅ ቀለህ መሙያ ይሸጥ ነበር፤ የአሜሪካ ምዕራብ አዳኝ ኮርቻው ላይ ይዞት የሚዞረው ዓይነት። አርሲቢኤስ በ1943 (እ.ኤ.አ.) በካሊፎርኒያዋ ኦሮቪል ከተማ ፍሬድ ሃንቲንግተን የጀመረው ነው። አረንጓዴ ሳጥኑን ያላየ ቀለህ ሞይ የለም፣ ለብዙዎቹም «መካከለኛው ምርጫ» እሱ ነው፤ ተሰበረ ሲሉት ይተካል እየተባለ ይመሰገናል። ሬዲንግ የትክክለኛነት ወዳጆች ቤት ነው፣ ማይክሮሜትር የተገጠመላቸው የውድድር ዳዮቹ ዋጋቸውም እንደ ስማቸው ነው። ሆርናዲ ጥይት ራስ በመሥራት የተነሳ የኔብራስካ ድርጅት ሲሆን፣ እርሳሱን ከመሰካቱ በፊት ከቀለሁ አፍ ጋር በሚያስተካክል ተንሸራታች ቱቦው ይታወቃል።

ሊን ለብቻው ያስቀረነው ስለምንወደው ነው (አድልዎ ካላችሁን እንቀበላለን)። ሪቻርድ ሊ ያወጣው የታወቀ መሣሪያ ፕሬስ እንኳ አይፈልግም ነበር። አነስተኛ ሳጥን፣ ጥቂት ብረቶችና አንድ መዶሻ ብቻ። ቀለሁን በመዶሻ ወደ ዳዩ መታ መታ፣ ካፕሱሏን መታ፣ ባሩዱን በማንኪያ ሰፍሮ ጨመረ፣ እርሳሱን መታ፣ አለቀ። ሀብታሞቹ «የድሃ ዳይ» እያሉ ይስቁበታል። ነገር ግን አንድ ቁም ነገር አለው። ይህ መሣሪያ ቀለሁን ሙሉ በሙሉ አይጨምቅም፣ አንገቱን ብቻ ነው የሚያጠበው። ቀሪው አካል የተተኮሰበትን ጠመንጃ ቅርጽ እንደያዘ ይቀራል። ስለዚህ ተመልሶ መተኮስ ያለበት በዚያው ጠመንጃ ነው። ይህችን ነጥብ ያዙልን፣ ጋይንት ስንደርስ እንፈልጋታለን።

ሌላም የምትያዝ ነገር አለች። እነዚህ ድርጅቶች እርስ በርስ የሚሻሙ ተቀናቃኞች ናቸው፤ ሆኖም ዳያቸው ፕሬሱ ላይ የሚታሰርበት ጥርስ በአብዛኛው አንድ ነው፤ ውፍረቱ 7/8 ኢንች፣ በአንድ ኢንች 14 ጥርስ። የሊ ዳይ በአርሲቢኤስ ፕሬስ፣ የሬዲንግ ዳይ በሆርናዲ ፕሬስ ይታሰራል። በዋጋና በስም ይፎካከራሉ፣ በልክ ግን ተስማምተዋል።

አሁን ወደ አገራችን።

በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመሩ። ከኋላቸው የሚጎተተው ሴባስቶፖል ነበር። ከደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት እነ ዋልድማየርና ሌሎች አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር ያፈሰሱት፣ ክብደቱ ወደ 70 ኩንታል የሚጠጋ መድፍ ነው። መንገድ አልነበረም፣ ስለዚህ መንገዱን እየሠሩ ነው የሄዱት። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ እያነሱ ነው። የጋይንትን ደጋ አቋርጠው፣ የጨጨሆን ገደል ወጥተው፣ በቤተ ሖር በኩል አልፈው፣ የጅዳንና የበሽሎን ሸለቆዎች ወርደውና ወጥተው መቅደላ የደረሱት ከወራት በኋላ ነው። ዛሬ ከደብረ ታቦር ወደ ወልድያ በአውቶቡስ የሄደ ሰው ጨጨሆ ላይ በመስኮት ቁልቁል ሲያይ የሚሰማውን ያውቃል። በዚያ ላይ 70 ኩንታል ብረት ጨምሩበት።

እኛ ይህን ታሪክ የተማርነው እንደ ጽናት ታሪክ ነው፤ ጽናትነቱም አይካድም። የሚያሳዝነን ግን በዚያው ሰሞን ከዙላ ወደብ በኩል በሌላ አቅጣጫ ወደ መቅደላ ይጓዝ የነበረው ነገር ነው። የናፒየር ሠራዊትም መድፍና ዝሆን ነበረው፣ እንግሊዞችም ታሪኩን ሲጽፉ ዝሆኖቹን ይወዳሉ። ወሳኙ ግን ጣት የምታህል ነገር ነበረች፤ የስናይደር ጠመንጃ ጥይት፣ አባቶቻችን በኋላ «ሰናድር» ያሉት። ከኋላ የሚጎርስ ጠመንጃ ነው፣ ጥይቱም ካፕሱል፣ ባሩድና እርሳስ በአንድ የናስ ቀለህ ተጠቅልለው የመጡበት ነው። ይህን ጥይት የቀመሩት የዉልዊች የጦር ላቦራቶሪ ኃላፊ ኮሎኔል ኤድዋርድ ቦክሰር ናቸው።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ ዕለቱም ስቅለት፣ አሮጌ ሜዳ ላይ ሁለቱ ተገናኙ። የቴዎድሮስ ሰዎች ነፍጥ በአፈሙዝ ባሩድ የሚጠቀጠቅበት ነው፤ ጎበዝ ተኳሽ በደቂቃ ሁለት ሦስት ጊዜ ቢተኩስ ነው። ስናይደር በደቂቃ ወደ አሥር ይተኩሳል። ያውም ዝናብ ይጥል ነበር፣ ባሩድ ሲርስ ነፍጥ ዱላ ይሆናል፣ በቀለህ የተዘጋ ጥይት ግን ግድ የለውም። ፊታውራሪ ገብርዬ በዚያ ወደቁ። ከኢትዮጵያውያን ወገን ወደ 700 ሰው ሞተ፣ ከ1,000 በላይ ቆሰለ። ከእንግሊዝ ወገን የቆሰሉት ሃያ ገደማ ናቸው፣ ከእነሱም ሁለቱ ሞቱ። ስናይደር ከቦክሰር ጥይት ጋር በትልቅ ዘመቻ ከተፈተነባቸው የመጀመሪያ ቦታዎች አንዱ ይኸው የእኛ አገር ሜዳ ነው።

እዚህ ላይ ነበር ግርም ያለን። ዛሬ አሜሪካዊው ጋራዡ ውስጥ ቀለህ ለመሙላት የሚችለው በአብዛኛው በቦክሰር ስልት ምክንያት ነው። በቦክሰር ስልት ካፕሱሏ የምትመታበት ጥርስ ከካፕሱሏ ጋር ነው፣ ቀለሁ መሃል አንዲት ቀዳዳ ብቻ አለችው፤ ስለዚህ የዳዩ ዘንግ ቀጥ ብሎ ገብቶ ካፕሱሏን ያስወጣታል። በተቃራኒው አሜሪካዊው ሃይራም ቤርዳን በቀየሰው ስልት ጥርሱ ከቀለሁ ጋር አብሮ የተሠራ ነው፣ ቀዳዳዎቹም ከመሃል ውጭ ናቸው፤ ዘንጉ ቢገፋ የሚያገኘው ጥርሱን ነው። ካፕሱሏን ማውጣት ፈተና ይሆናል። የታሪክ ቀልድ ይሁን ምን፣ አሜሪካ የእንግሊዛዊውን ወሰደች፣ አብዛኛው አውሮፓ የአሜሪካዊውን። እኛ ደግሞ ከሁሉም ገዛን፣ ከሁሉም ማረክን።

ማረክን ስንል በቁም ነገር ነው። ኅዳር 7 ቀን 1868 ዓ.ም. ጉንደት ላይ፣ በዚያው ዓመት በየካቲት መጨረሻ ደግሞ ጉራዕ ላይ የግብፅ ጦር በዐፄ ዮሐንስ ሲመታ ብዙ ሬሚንግተን ጠመንጃ ትቶ ሄደ። ሬሚንግተን ጥሩ ጠመንጃ ነው፤ ይሁንና ጥይቱ ከሰናድር ጥይት ጋር አይገናኝም። ከአሥር ዓመት በኋላ ደግሞ አርተር ራምቦ፣ ግጥም ትቶ ነጋዴ የሆነው ፈረንሳዊ፣ ወደ 2,000 ጠመንጃና 60,000 ጥይት በግመል ጭኖ ወደ ሸዋ ወጣ። ጠመንጃዎቹ በአፈሙዝ የሚጎርሱ ያለፈባቸው ሸቀጥ ነበሩ፣ ጥይቶቹ ግን የሬሚንግተን ናቸው። አንድ ጭነት ውስጥ ጥይቱ ለአንዱ ጠመንጃ፣ ጠመንጃው ለሌላ ዘመን! ምኒልክ በ1879 ዓ.ም. እንጦጦ ላይ በርካሽ ገዙት፣ ራምቦም ሲያማርር ኖረ። እኛ ለራምቦ አናዝንም፣ ንጉሡ ዕቃውን አውቀውታል።

ከዚያ ውጅግራ መጣ። ስሙ «ፉዚ ግራ» ከሚለው ፈረንሳይኛ በእኛ አፍ ተፈልጦ የተሠራ ነው፤ የ1874ቱ (እ.ኤ.አ.) የግራ ጠመንጃ። ፈረንሳይ በ1886 (እ.ኤ.አ.) ለበልን፣ የእኛ ሰው «ለበን» ያለውን፣ ስትቀበል የግራ ክምችቷ ተረፈ፣ የተረፈውም በቀይ ባሕር በኩል ወደ እኛ ጎረፈ። በ1890 (እ.ኤ.አ.) የብራስልስ ስምምነት ወደ አፍሪካ የሚገባውን ጦር መሣሪያ ለመገደብ ቢሞክርም የጅቡቲ መንገድ አልደረቀም። የውጅግራ እርሳስ 25 ግራም ነው፣ አውራ ጣት የሚያህል። ከኋላው 5 ግራም ከሩብ ጥቁር ባሩድ አለ። ተኩሱ ጭሱ ሰውን ይሸፍናል፣ ድምፁ ሸለቆ ይሞላል።

የየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የዐድዋ ድል ደግሞ ሌላ ልክ ጨመረልን። ጣልያኖች በዚያ ዘመቻ ለወታደሮቻቸው አዲሱን ጠባብ አፈሙዝ ጠመንጃ ሳይሆን አሮጌውን ቬተርሊ ነበር ያስታጠቁት፤ የተከማቸ የቬተርሊ ጥይት እንዲያልቅላቸው። በጦርነቱ ወደ 11,000 ጠመንጃና 56 መድፍ ተማረከባቸው ይባላል። ከ11,000ው ብዙው ቬተርሊ ነው፣ ልኩ 10.4 ሚሊ ሜትር። ውጅግራና የግብፁ ሬሚንግተን ሁለቱም በስም 11 ሚሊ ናቸው፣ ነገር ግን የአንዱ ጥይት በሌላው ጉሮሮ አይገባም። ሰናድር ከ14 ይበልጣል፣ ለበን 8 ነው። የአንድ አገር ጦር ዝናር ውስጥ አምስት ዓይነት ቀለህ።

ታዲያ ለምን ውጅግራ ከሁሉ ተወደደ? «ፈረንሳይ ስለሸጠችው» የሚለው መልስ ግማሽ ነው። በእኛ ግምት ሌላው ግማሽ ቀለሁ ነው። ለበን በዓለም የመጀመሪያው ጭስ አልባ ባሩድ የሚጠቀም የጦር ጠመንጃ ነበር። ጭስ አልባውን ባሩድ በ1884 (እ.ኤ.አ.) የቀመረው ፖል ቪዬይ የተባለ ኬሚስት ነው፣ የሚሠራውም በፋብሪካ ነው። ጥቁር ባሩድ ግን አገር ውስጥ ይሠራ ነበር። ድኙ ከቆላ፣ ከሰሉ ከእንጨት፣ ጨዉ ከአፈር፤ ከፖርቱጋሎች ነፍጥ ዘመን ጀምሮ የሚታወቅ ሙያ ነው። ስለዚህ የለበን ጥይት ሲያልቅ አለቀ። የውጅግራ ግን ቀለሁና ካፕሱል ካለ እርሳስ ቀልጦ፣ ባሩድ ተወቅጦ ተመልሶ ይሞላል፤ ይሞላም ነበር።

ዳይ ግን አልነበረም። ይሄኔ ነው የሊ ሳጥን ትዝ የምትለን። ጥቁር ባሩድ ግፊቱ ቀላል ስለሆነ ቀለሁ ብዙ አይነፋም፣ ብዙ ጊዜም ይመላለሳል። በዚያው ጠመንጃ መልሶ ለሚተኩሰው ሰው ዋናው ነገር አንገቱ እርሳሱን መያዙ ነው። የእስቴው ባላገር «አንገት ማጥበብ» ብሎ አይጥራው እንጂ አሜሪካዊው በኋላ በሳጥን አሽጎ የሸጠው ሐሳብ ይኸው ነበር። ጣጣው የሚመጣው ቀለሁ ከጎረቤት ጠመንጃ የመጣ ከሆነ ነው። የእሱ ጉሮሮ ትንሽ ሰፋ ያለ ከሆነ ያንተ አይዘጋም፤ ወይም ተዘግቶ ከተኩስ በኋላ ቀለሁ አልወጣ ብሎ ይነክሳል። ጠላት ፊት ለፊት ቆሞ ቀለህ በካራ መንቀል ምን እንደሚመስል አስቡት። ካፕሱሏም ሌላ ጣጣ ናት። የውጅግራ ቀለህ ጥርሱ ከራሱ ጋር ከተሠራው ወገን ነው፣ አሮጌዋን ማውጣት ትዕግሥት ይጠይቃል፣ አዲሷ ደግሞ ከባሕር ማዶ ካልመጣች የለችም። አገሩ አራቱን የጥይት አካላት ለመሥራት ሦስቱ ላይ እጁን አሳርፏል፤ በአንዷ በምስር ፍሬ በምታህል ነገር ተይዟል።

ያ ሁሉ ስለሆነ ጥይት ገንዘብ ሆነ። ይህን ስናነብ መጀመሪያ ተጋንኖ መስሎን ነበር፣ የታሪክ ጸሐፊዎች ግን አይጠራጠሩም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ከማርያ ትሬዛ ብርና ከአሞሌ ጨው ጎን የውጅግራ ጥይት እንደ ዝርዝር ይሠራ ነበር። ለብሩ መልስ ጥይት ይሰጥ ነበር። ምኒልክ የራሳቸውን ምስል የያዘ ገንዘብ በ1887 ዓ.ም. ካሳተሙ በኋላም ገበሬው አዲሱን ሳንቲም ሲጠራጠር ጥይቱን አልተጠራጠረም። ነገሩ ሲያስቡት ብልህነት አለው፤ ሳንቲም መንግሥቱ ሲወድቅ ይወድቃል፣ ጥይት ግን መንግሥት ሲወድቅ ዋጋው ይጨምራል። (የዛሬ ኢኮኖሚስቶች «የዋጋ ግሽበት መከላከያ» ይሉት ይሆናል፣ እኛ አንገባበትም።) ችግሩ ደግሞ በዚያው ልክ ነው። ገንዘብህን በተኮስክ ቁጥር ትደኸያለህ። በሠርግና በለቅሶ ሰማይ ላይ የሚተኮስ ጥይት ዛሬ «ድንቁርና» እየተባለ ሲወገዝ እንሰማለን፤ በዚያን ጊዜ ግን ለሟች ብር እየበተኑ እንደማልቀስ ነበር። ለዚህም ይመስለናል ቀለሁ ተለቅሞ የሚመለሰው።

ጋይንት ከደረስን ቤተ ልሔምን ሳንጠራ አናልፍም። ክቡን ቤተ ክርስቲያን ከውጭ ያየ ሰው ውስጡ ያለውን እጅግ ጥንታዊ ባለ አራት ማዕዘን ሕንጻ አይገምትም፤ ቶማስ ፓከንሃም የተባለ ወጣት ተጓዥ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ገብቶ ሲያየው ተደንቆ ለዓለም ጻፈው። ቤተ ልሔም ለአገራችን ሊቃውንት ግን ያኔም ምስጢር አልነበረም፤ የድጓ ምስክር ቤት ናት። ደቀ መዝሙሩ በየትም ደብር ድጓ ሊማር ይችላል፤ መምህር ለመባል ግን ቤተ ልሔም ሄዶ ዜማውን አሰምቶ፣ ታርሞ፣ ተመስክሮለት ይመለሳል። ዝማሬ መዋሥዕት ከሆነ ደግሞ ዙር አምባ። ከሸዋም ይምጣ ከትግራይ ወይም ከጎጃም፣ ድምፁ እዚያ ገብቶ በአንድ ልክ ይወጣል። እኛ ዳይ የሚባለውን ነገር ካወቅን በኋላ ይህን ሥርዓት በሌላ ዓይን ማየት ጀመርን። ይህ አገር ልክን አንድ ማድረግ አያውቅም የሚል ሰው ካለ ለዜማ ያደረገውን ይመልከት። ለጥይት ግን አላደረገውም፣ የማድረግ ዕድልም አልተሰጠውም።

ዋጋው የተከፈለው በ1928 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት በ1930 (እ.ኤ.አ.) ፓሪስ ላይ ኢትዮጵያ ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሳይና ከጣልያን ጋር የጦር መሣሪያ ግዢ ውል ተፈራርማ ነበር፤ መንግሥት በሕጋዊ መንገድ እንዲገዛ። የቤልጂጉ ኤፍኤን ሞዘር፣ ሕዝቡ በአገሩ ስም «ቤልጅግ» ያለው፣ ለክብር ዘበኛ የመጣው በእነዚህ ዓመታት ነው። ቤልጅግ ከወጣ አንድ ሰሞን ሁሉም በአንድ ልክ የሚታጠቅ መስሎ ነበር፣ 7.92 ሚሊ። ጊዜ ግን አልበቃም። ጦርነቱ ሲቃረብ በ1935 (እ.ኤ.አ.) ፈረንሳይና እንግሊዝ ሽያጭ ከለከሉ። የተከለከለችው ኢትዮጵያ ብቻ እንዳትመስል ጣልያንም ተከለከለች ተባለ፤ ጣልያን ግን ፋብሪካ አላት። ክልከላው የጎዳው ፋብሪካ የሌለውን ነው። ከጀርመን በምስጢር ወደ 10,000 ሞዘርና 10 ሚሊዮን ጥይት መምጣቱን የታሪክ ምሁራን ይጽፋሉ። ለአንድ ጠመንጃ 1,000 ጥይት ማለት ነው፣ በዚያ ሠራዊት ውስጥ የቅንጦት ቁጥር።

ቀሪው ዘማች ያለውን ይዞ ዘመተ። ውጅግራ፣ ለበን፣ ምንሽር፣ ቤልጅግ፣ የዐድዋ ምርኮ። በአንድ ጭፍራ ውስጥ ከጎንህ ያለው ሲወድቅ ዝናሩን መውሰድ ትችላለህ፣ ጥይቱ ግን ላንተ ጠመንጃ ላይሆን ይችላል። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ የሆነውን በአውሮፕላንና በመርዝ ጋዝ ማስረዳት ትክክል ነው፣ ዋናዎቹ ምክንያቶችም እነሱ ናቸው። ነገር ግን የጥይት ልክ ጉዳይ በትምህርት ቤት መጽሐፋችን ውስጥ አንድ መስመር እንኳ ያለማግኘቱ አይገባንም። ጀግንነት በልክ አይለካም ይሉናል። ጥይት ግን ይለካል።

በአምስቱ ዓመት የአርበኝነት ዘመን ነገሩ ተገላበጠ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ፈገግ እንበል። በጌምድርና ጎጃም ውስጥ አርበኛው ጥይት የሚያገኝበት ዋና መጋዘን ጠላት ሆነ። ስለዚህ ብልሁ አርበኛ የሚመርጠው ጠላት የሚተኩሰውን ዓይነት ጠመንጃ ነው። ምንሽር በዚህ ዘመን የገነነው ያለ ምክንያት አይደለም። የኦስትሪያው ማንሊኸር ነው፣ ጣልያኖች ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ያገኙትን ለቅኝ ግዛት ወታደሮቻቸው ያድሉት ነበር፤ ጥይቱም ከእነሱው ዝናር ይገኛል። ሳይታሰብ ልክ አንድ ሆነ፣ ያውም በጠላት ወጪ።

ከነጻነት በኋላ ጥይት በአገር ውስጥ መሥራት የመንግሥት ሥራ ሆኗል። አምቦ አካባቢ ያለው የሆሚቾ ጥይት ፋብሪካ አንዱ ነው። ጠመንጃ የሚሠራው የቢሾፍቱው ተቋም ደግሞ ስሙ ጋፋት ነው፤ ከደብረ ታቦሩ ጋፋት የተወሰደ ስም። በሌላ በኩል የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ከወጣ ወዲህ ግለሰብ ያለ ፈቃድ በዚህ ሥራ እጁን ማስገባት ወንጀል ነው። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ አንብቦ የአያቱን ዝናር ከቆጥ ለማውረድ የተነሳ ካለ ይቀመጥ።

የውጅግራ ጉዳይ ግን በውጭ አገር ሰብሳቢዎች ዘንድ አላለቀም። አሮጌ ውጅግራ ገዝተው በጥቁር ባሩድ ሊተኩሱት የሚፈልጉ ሰዎች አሉ። ፋብሪካ የሚሠራው ጥይት በቀላሉ ስለማይገኝ ራሳቸው መሙላት ግድ ይላቸዋል፣ መደርደሪያ ላይ የተለመዱት ዳዮች ደግሞ ለዚህ ልክ አይሆኑም። ከገበያ ለወጡ ካሊበሮች ዳይ በትዕዛዝ የሚሠሩ ቤቶች አሉ። የእነዚህ ትዕዛዝ አንድ የተለመደ ጥያቄ አለው፦ ከራስህ ጠመንጃ የተተኮሱ ሁለት ሦስት ቀለሆች ላክልን። የድሮ ጠመንጃ ጉሮሮ አንዱ ከሌላው ስለሚለያይ ዳዩን የሚያበጁት ቀለሁን ለክተው ነው።